ባለ አሥራ ሁለት ስለቱ ቢላዬ

ሰው በተለያየ ነገር ይለከፋል። አንዱ በመጠጥ፣ አንዱ በካርታ፣ አንዱ በሰው ትዳር። እኔ የተለከፍኩት በቢላ ነው። ደም የሚያፈሰውን ማለቴ አይደለም፤ ጓዳ ውስጥ ሽንኩርትና ድንች ሲከትፍ የሚውለውን፣ ማንም ዘወር ብሎ የማያየውን ድሃ ቢላ ነው። ከእሱም ጋር ማንኪያ፣ ሹካ፣ ጭልፋ፣ ባጠቃላይ የጓዳ ብረት የተባለውን ሁሉ። እነዚህ ዕቃዎች እስከ ዛሬ የሚያስብላቸው ሰው አጥተው እኔን ሲጠብቁ ኖረዋል ብዬ አምናለሁ። ባለቤቴ ስንዱ ደግሞ እኔን ሳይጠብቁ ደህና አድርገው እንደኖሩ ታምናለች። በዚህ ልዩነት ላይ ቆመን አሥራ አንድ ዓመት በሰላም ኖረናል።

የዕለት እንጀራዬ ንድፍ ነው። ጎንደር ከተማ ውስጥ አንድ የብረትና የእንጨት ሥራ ቤት ተቀጥሬ በርና መስኮት እነድፋለሁ። ቀኑን ሙሉ የሰው መስኮት ስነድፍ ውዬ ፀዳ በምትባለው መንደር ወዳለው ቤቴ ስመለስ እጄ ሥራ ይፈታል። «ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት» ያለችው ሴትዮ ሳትዛመደኝ አትቀርም። የማፋታው ልጅ ስለሌለኝ ጓዳ ገባሁ።

መጀመሪያ የሠራሁት የሽንኩርት ቢላ ነበር። ከስለቱ በላይ ከፕላስቲክ የተቆረጠ ጋሻ አለው፤ የሽንኩርቱ እንፋሎት ወደ ዓይን እንዳይደርስ ይመክታል። በእርግጥም መከተ። ችግሩ ሽንኩርቱንም ከዓይን መከለሉ ነው። ስንዱ ለሁለት ቀን በግምት ከተፈች፤ በሦስተኛው ቀን አውራ ጣቷን በፋሻ ጠቅልላ ጋሻውን ነቅላ ለዶሮዎቹ የውኃ መጠጫ አደረገችው። ዶሮዎቹ እስከ ዛሬ ያመሰግኑኛል።

ከዚያ ተጣጣፊው ቢላ መጣ። መሳቢያ ውስጥ ቦታ እንዳይዝ ወገቡ ላይ ማጠፊያ አድርጌለት ነበር። ሲታጠፍ ሸጋ ነው፤ ክፋቱ መቼ እንደሚታጠፍ የሚወስነው እሱ ራሱ መሆኑ ነው። አንድ ቀን ጎመን ስቆርጥበት ሐሳቡን ለወጠና ከጎመኑ ይልቅ የእኔን እጅ መረጠ። ዘይት የሚያጠልለውን ጭልፋ ነገር ባላነሣው ይሻላል። ወጡ በሙሉ ተመልሶ ድስቱ ውስጥ ይገባና በእንግዳው ሳህን ላይ የሚቀረው ሽታው ብቻ ነበር።

ይህን ሁሉ የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። ዋናው ጉዳይ ላይ ስንደርስ «ይህ ሰው አስቀድሞ ምልክት አልታየበትም ወይ?» እንዳትሉ ነው። ታይቶብኝ ነበር።

ዋናው ጉዳይ የማኅበር ነው። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የሚካኤል ማኅበርተኛ ነበር። አሥራ ሁለት ሰዎች ናቸው። ወር በገባ በአሥራ ሁለት በየተራ አንዱ ቤት ይሰበሰባሉ፤ ቄስ ጸሎት ያደርሳል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ጠላ ይቀዳል፣ የተጣላ ይታረቃል፣ ጽዋውም ለሚቀጥለው ተረኛ ይሰጣል። አባቴ እዚያ ማኅበር ውስጥ የራሱ ሥራ ነበረው። ቄሱ ዳቦውን ባርከው ቢላውን በመስቀል ምልክት ካሳረፉበት በኋላ ተቀብሎ የሚቆርሰውና የሚያድለው እሱ ነበር። ሠላሳ ዓመት ያህል ቆርሷል፤ ሠላሳውንም ዓመት በአንድ ቢላ። ቢላው የቀንድ እጀታ ያለው ሲሆን ከመሳል ብዛት ወገቡ ሳስቷል።

ልጁ ስለሆንኩ ልናገር ይፈቀድልኝና፣ አባቴ ዳቦ መቁረስ አይችልም ነበር። አንዱ ቁራሽ የጸሎት መጽሐፍ ያክላል፣ ሌላው የክብሪት ቀፎ። ሕፃን ሆኜ በሩ ሥር ተቀምጬ ሲያድል ሳይ አፍር ነበር። ከሁሉ የሚያበሽቀኝ ደግሞ የክብሪት ቀፎው ሁልጊዜ የእኔና የእሱ ድርሻ መሆኑ ነው። ሌላው ሰው ጉንጩን ሞልቶ ሲያኝክ እኔ መዳፌ ላይ ያለችውን ቁራሽ እንዳታልቅብኝ በዓይኔ እየበላሁ እቆያለሁ። በኋላ ንድፍ ተምሬ ክብን ለእኩል መክፈል ስችል መጀመሪያ ትዝ ያለኝ የአባቴ ዳቦ ነበር። አንድ ማስመሪያና አንድ ኮምፓስ ሰውዬውን ከሠላሳ ዓመት ስህተት ያድኑት ነበር አልኩ።

አባቴ ሞተ፣ ተዝካሩም ወጣ፣ ዓመትም ሞላው። አንድ እሑድ አያ ታከለ እቤት መጡ። አያ ታከለ የማኅበሩ ሙሴ ናቸው፤ ሙሴ ማለት የማኅበሩ አለቃ ነው። የድብ ባሕር ሰው ናቸው፤ ከተማ ከገቡ ብዙ ዘመናቸው ቢሆንም ዛሬም የሚናገሩት እንደ አገር ቤታቸው ነው።

«አንተየ፣» አሉኝ ገና ሳይቀመጡ፣ «ያባትህ ወንበር ዓመቱን ሙሉ ባዶውን ከረመ። ለወሩ ተራው የሱ ነው። ደንባችንን ታውቃለህ፤ ልጅ አንድ ጊዜ ዘክሮ ይታያል። ሸጋ አርጎ ከዘከረ ወንበሩም ቆራሽነቱም የሱ። ካላማረበት ግን በልተን ጠጥተን እግዜር ይስጥልን ብለን እንሄድና ለሌላ ነው የምንሰጠው። ወንበር የሚጠብቅ ሰው ሞልቷል።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ወንበር ፈለግሁት። በሕይወቴ አለቃ መሆን አልፈለግሁም፣ ባጃጅ መግዛት አልፈለግሁም፤ አባቴ በተቀመጠበት ቦታ ሌላ ሰው ተቀምጦ ሲያዛጋ ማየት ግን ከአቅሜ በላይ ነበር።

አያ ታከለ እንደወጡ ስንዱ፣ «ያባትህን ቢላ አውጣና ሳለው። ሌላ ምንም ነገር እንዳታስብ፣ እባክህ፤» አለችኝ።

አሰብኩ።

ያሰብኩት እንዲህ ነው። ማኅበርተኛው አሥራ ሁለት ነው፤ ድፎ ዳቦው ክብ ነው። ከመሐል ወደ ዳር የተዘረጉ አሥራ ሁለት ስለቶች እንደ ብስክሌት ጎማ ሽቦ በአንድ ክብ ብረት ላይ ቢበየዱ፣ ሁለት እጀታ ቢደረግላቸው፣ ቄሱ ባርከው አንድ ጊዜ ወደ ታች ቢጫኑት አሥራ ሁለት እኩል ቁራሽ ይወጣል። ትልቅ የለ፣ ትንሽ የለ። የአባቴን ሠላሳ ዓመት በአንድ ጭነት አስተካክላለሁ። ንድፉን ሠርቼ ለስንዱ አሳየኋት። ረጅም ጊዜ አየችውና፣

«ለቄሱስ?» አለች።

ቄሱን ረስቼአቸዋለሁ። የማኅበር ዳቦ ለአሥራ ሁለት ከፍሎ ባራኪውን የሚረሳ ንድፍ የሠራሁ ሰው ነኝ። ነገር ግን ለሁሉም መላ አለው፤ መሐሉ ላይ የቧንቧ ቁራጭ ጨመርኩበት። አሁን ዳቦው ሲቆረስ ከእምብርቱ ድብልብል ያለ ቁራሽ ለካህን ይወጣል። ይህን ሳስብ ኩራት ተሰማኝ። ስንዱ ግን ንድፉን አጣጥፋ ከሰጠችኝ በኋላ ሽሮዋን ልታማስል ሄደች።

ቀጥሎ አዘዞ ወደሚሠራው ወዳጄ ወደ ደጉ ሄድኩ። ደጉ በያጅ ነው፤ ከእኔ ንድፍ ጋር የማይጣላ ብቸኛ ሰው ነው፤ ምክንያቱም አያነበውም። ክቡን ብረት ከአሮጌ የብስክሌት ቸርኬ አወጣን። የስንዱን መጋገሪያ ለክቼ ስለነበር በልኩ አጠበብነው። ስለቱን አንተ አምጣ አለኝ።

አሥራ ሁለት ስለት ማግኘት እንዲህ ቀላል አይደለም። ከቤት አራት ወሰድኩ፤ ያለን ይኸው ነበር። ከቅዳሜ ገበያ አምስት ገዛሁ። ደጉ ሙዝ የሚልጥበትን አንድ ሰጠኝ። አንድ ደግሞ ከጎረቤቴ ከእትዬ ውዴ ተዋስኩ። እትዬ ውዴ ራሳቸው ማኅበርተኛ ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ልጆቻቸውን ብቻቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው። «ለምንድን ነው?» ሲሉኝ «ለማኅበሩ» አልኳቸው፤ ውሸት አልነበረም። እጀታውን ሳወልቅ ግን በልቤ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። ይህ ሁሉ ተደምሮ አሥራ አንድ ነው።

አሥራ ሁለተኛውን የት እንዳገኘሁት ገምታችኋል። ገበያ እስኪውል አምስት ቀን ነበረው፤ ዝክሩ ሊደርስ ሦስት። የአባቴ ቢላ በጨርቅ ተጠቅልሎ ቁምሳጥን ላይ ነበር። እዚያ ተኝቶ ከሚቀር ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ያችኑ የለመዳትን ሥራ ቢሠራ ምን አለበት አልኩ። ደጉ የቀንዱን እጀታ ነቅሎ ሰጠኝ፤ ኪሴ ከተትኩት። ሲበየድ ዓይኔን ዞር አደረግሁ፤ የብየዳ ብርሃን ዓይን ይጎዳል።

የሚካኤል ዕለት ደረሰ። ማኅበርተኛው ቅዳሴ አስቀድሶ፣ እህል ውኃ ሳይቀምስ፣ ስድስት ሰዓት ሲሆን ተሰባሰበ። እንደ ደንቡ ጸሎት እስኪጀመር ወግ ተያዘ፤ የአንዱ በሬ መሞቱን፣ የሌላው ልጅ ከሆስፒታል መውጣቷን፣ የእትዬ ውዴ ልጅ መውለዷን በግማሽ ጆሮዬ ሰማሁ እንጂ አልተቀመጥኩም። ጓዳ ሆኜ ጎማ የመሰለ ቢላዬን ዘይት እቀባ ነበር። ስንዱ ዳቦውን በኮባ ቅጠል ጋግራ አውጥታለች። የቀኑን ክብር አስባ ሊጡን ጨመር አድርጋው ኖሮ ዳቦው ደረቱን ነፍቶ መጋገሪያውን አልፎ ወጥቷል። አይቼ ደስ አለኝ። ንድፍ የሚያውቅ ሰው ቢሆን ይደነግጥ ነበር።

ቄስ ላቀው ጸሎቱን አድርሰው ዳቦውን ባረኩና እጃቸውን ለቢላ ዘረጉ። ጎማውን ይዤ ወጣሁ።

«ይኸ ምንድን ነው?» አሉ ቄስ ላቀው።

«ቢላ ነው፣ አባታችን።»

«ስንቱ?»

«አንድ ነው። ስለቱ ነው አሥራ ሁለት።»

አያ ታከለ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብለው፣ «በዘመኑ እንዲህ ነው አሉ፤» አሏቸው። ቄስ ላቀው ደግ ሰው ናቸው። ቢላዬ ሁለት እጅ ስለሚፈልግ መስቀላቸውን ለአያ ታከለ ሰጡ፤ ነጠላቸውን ወደ ኋላ መለሱ፤ በስመ አብ ብለው ጎማዬን ዳቦው ላይ አኖሩና ተጫኑ።

የዳቦው ቅርፊት ቀርጨጭ አለ። ስለቶቹ ገቡ። አንድ ጣት፣ ሁለት ጣት ያህል ገቡና ቆሙ። ቄሱ ጨመር አድርገው ተጫኑ፤ ዳቦው እንደ ትራስ ወደ ታች ሰመጠ እንጂ አልተቆረሰም። አያ ታከለ መስቀሉን ለእትዬ ውዴ አሳልፈው በአንደኛው እጀታ መጡ። ሌሎች ሁለት ሰዎች ጨመርን። አሁን አራት ሰው በአንድ ዳቦ ላይ ነው። ቸርኬው በዳቦው ዙሪያ እንደ ቀለበት ጥብቅ ብሎ ገጠመ፤ መሐል ያለው ቧንቧ እምብርቱን ሰርስሮ ነከሰ፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ታችም ወደ ላይም አልል አለ።

«አውጡትና እንደገና ሞክሩት፤» አለ ከኋላ አንዱ።

ወደ ላይ ሳብነው። ዳቦው አብሮ ተነሣ። ወዘወዝነው፤ ኮባው ረገፈ፣ ዳቦው አልወረደም። ሁለት ሰው ጎማውን፣ ሁለት ሰው ዳቦውን ይዞ በየፊናው ጎተተ። ጓዳ በር ላይ የቆመችውን ስንዱን ላለማየት ጣሪያውን አየሁ። ጣሪያችን አራት ቦታ ያፈሳል፤ ለካ እስከ ዛሬ በደንብ አይቼው አላውቅም።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የማኅበር ዳቦ ተባርኮ ሳይቆረስ ማንም እህል አይቀምስም። ጠላው ተቀድቶ ቆሟል፣ ወጡ ከእሳት ወርዶ ይቀዘቅዛል፣ ሰዉ ከትናንት ማታ ጀምሮ አልበላም። ዳቦው ተባርኳል፤ አልተቆረሰም። በዚህና በዚያ መካከል የቆምኩት እኔ ነኝ። «ከነገሩ ጦም እደሩ» የሚለውን ተረት ከዚያ በፊት ሰምቼዋለሁ፤ የዚያን ቀን ግን አሥራ ሁለት ሰውና አንድ ቄስ አስጾምኩበት።

«ምነው እንዲህ እንቸገራለን?» አሉ እትዬ ውዴ። «ዳር ዳሩን በተራ ቢላ ብንሸልተው ይለቃል። ስንዱዬ፣ ቢላ አምጪ እስቲ።»

ስንዱ አልተንቀሳቀሰችም። «ቢላ የለንም፣ እትዬ፤» አለች።

«ቤት ሙሉ ሰው ጠርታችሁ ቢላ የላችሁም? በሉ፣ ያ ሰኞ የተዋስከኝ የኔው ይምጣ። መልሰኸዋል እንዴ?»

«አልመለስኩትም፣ እትዬ።»

«እና የታለ?»

«ከአባታችን በስተቀኝ ሦስተኛው ነው።»

እትዬ ውዴ ጎንበስ ብለው ከቄስ ላቀው በስተቀኝ ቆጠሩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ቢላቸውን አወቁት። ቀና ብለው አዩኝና ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ምነው ቢሰድቡኝ ብዬ ተመኘሁ።

እሳቸው ሲቆጥሩ አያ ታከለም መቁጠር ጀምረው ኖሯል። መነጽራቸውን ከካፖርታቸው አወጡ፤ ጎማውን በቀስታ አዞሩት። አንዱ ስለት ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። ከመሳል ብዛት ወገቡ የሳሳ ስለት ነበር።

«ይኸ ያባትህ ቢላ ነው።»

መነጽራቸውን አውልቀው ወደ እኔ ዞሩ።

«ነው፣ አያ።»

«እጀታውስ?»

ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ቀንዱን መዳፋቸው ላይ አድርገው አዩት፤ አገላብጠው አዩት፤ ከዚያ ሳይመልሱልኝ የራሳቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት። ወንበሩ የሄደው ያን ጊዜ ነው ብዬ ደመደምኩ። በዝክር ዳቦ ቢያርር ይማራል፤ ጠላ ቢቀጥን ይማራል። የሠላሳ ዓመት ቢላ ቆርጦ ለጎማ ሽቦ ያደረገ ልጅ ግን በየትኛው አንቀጽ ይማራል?

የቀረኝ ደጉ ነበር። ደወልኩለት።

«ደጉ፣ መቁረጫህን ይዘህ ባስቸኳይ ና። ጎማው ዳቦ ውስጥ ቀረ።»

«መጣሁ፤» አለኝ። ከዚያ፣ «እናንተ ጋ መብራት አለ?»

የግድግዳውን ማብሪያ ጫንኩት። አልበራም። «የለም።»

«እንግዲያው በምን ልቁረጠው? ሲመጣ ደውልልኝ።»

«መቼ ነው የሚመጣው?»

«እሱን ሚካኤልን ጠይቁት፤ እናንተ ጋ አይደል ያለው?» ብሎ ዘጋው።

ተመልሼ ስገባ ከማኅበርተኞቹ አንዱ ከደጅ ማጭድ ይዞ መጥቶ ነበር። ቄስ ላቀው ማጭዱን አዩ፣ ዳቦውን አዩ፣ ማጭዱን ወደ ደጅ መለሱት። ሌላው የመጥረቢያ ሐሳብ አቀረበ፤ እሱንም መለሱት። ከዚያ ሁሉም ዝም አለ። የተራበ ሰው ዝምታ ከባድ ነው፤ ሆዱ ብቻ ነው የሚናገረው። የአንዱ ሲያበቃ የሌላው ይቀጥላል።

እትዬ ውዴ ተነሡ። መስቀሉን ለባለቤቱ መለሱና ስንዱን ውኃ አስፈስሰው እጃቸውን እስከ ክንዳቸው ታጠቡ።

«ገልብጡት፤» አሉ።

ዳቦውን ከነጎማው ገልብጠን ትሪው ላይ አስቀመጥነው። ስለቶቹ ያልደረሱበት የዳቦው ሆድ ወደ ላይ ሆነ፤ ወዛም፣ ደህና፣ የሚያምር። እትዬ ውዴ አንዴ ዳቦውን አንዴ እኔን አዩና፣

«ከእጅ አይሻል ዶማ፤» አሉ።

ቄስ ላቀውም ፈቀዱ። «ጌታም በእጁ ነው የቆረሰው፤» አሉና መጀመሪያውን ራሳቸው በጣታቸው ገመሱት። እንፋሎቱ ወጣ። የቀረውን ሙሴው ያድል አሉ፤ አያ ታከለም እጃቸውን ታጥበው ተቀመጡ።

እፎይ ማለት ሲገባኝ ሌላ ጭንቅ ያዘኝ። ሰውዬው አይለኩም! ለእትዬ ውዴ የገመሱላቸው ሁለት እጅ የሚሞላ ነበር። በሬው ለሞተበት ሰው ከዚያ የማያንስ። ልጁ ከሆስፒታል ለወጣችለት ግን ቁንጥር አድርገው አቀበሉት፤ እሱም ስቆ ተቀበለ። ለራሳቸው ያስቀሩት የክብሪት ቀፎ ያክላል። የአባቴ ዳቦ ዓይኔ ሥር ተመልሶ መጣ። ያንን ሁሉ ውርደት ተከናንቤም ቢሆን ይህን መቻል አልቻልኩም።

«አያ፣» አልኩ፣ «ይኸ እኮ እኩል አልሆነም።»

እጃቸውን ዳቦው ላይ እንዳደረጉ ቀና ብለው አዩኝ። ሌሎቹም ማኘካቸውን ተዉ።

«እኩል?» አሉ። «አባትህ እኩል ሊያደርግ ሲታገል ያቃተው መስሎህ ኖሯል?»

ይኸው ነበር የመሰለኝ።

«አባትህ ሲቆርስ ዳቦውን አልነበረም የሚያይ፤ ሰውን ነበር። ከጸሎት በፊት ያለችው ወግ ለምን ይመስልሃል? እዚያ ጥግ ቁጭ ብሎ ይሰማል። የማን በሬ ሞተ፣ ማን ታመመ፣ ማን ቤት ስንት አፍ ተጨመረ። ወሩ የከፋበት ትልቁን ይወስዳል፤ የደላው ትንሹን። ሠላሳ ዓመት አንድ ቀን ተሳስቶ አያውቅም። አንተ ዛሬ ያን ጊዜ የት ነበርህ?»

«ጓዳ። ዘይት እቀባ ነበር።»

«እኮ!»

የሕፃንነቴ ነገር ሳላስበው ከአፌ ወጣ። «ለእኔና ለእሱ ግን ሁልጊዜ ትንሿ ነበረች።»

«ደልቷችሁ ነበራ!» አሉ አያ ታከለ።

ይህን ያሉት ሊመክሩኝ አይደለም፤ ዝናብ ዘንቦ ነበር እንደማለት ነው ያሉት። እኔ ግን በቆምኩበት ሠላሳ ዓመት ወደ ኋላ ሄድኩ። እናቴ ነበረች። ጤና ነበርን። በሬዎቹ ነበሩ። አባቴ በየወሩ ያችን የክብሪት ቀፎ መዳፌ ላይ ሲያኖር ምን ይለኝ እንደነበረ ያን ቀን ገባኝ። አፍሬበት ነበር፤ አሁን ያፈርኩት በሌላ ነው።

አያ ታከለ አድለው ጨረሱ። የቀረሁት እኔ ነበርኩ። ትሪው ላይ ያለው፣ ሳይነካ የተተወ፣ ከዳቦው ሩቡን የሚያክል ቁራሽ ነበር። ሁለት ስለት አብሮ ተቀብሮበታል። አያ ታከለ ጎተት አድርገው አላቀቁና በሁለት እጃቸው ዘረጉልኝ። ከሁሉም ይበልጣል፤ ከእትዬ ውዴም ይበልጣል።

«ተሳሳቱ፣ አያ፤ ይኸ የእኔ አይደለም፤» አልኩ።

«ያንተ ነው።»

«ምነው ለእኔ? በሬ አልሞተብኝ፣ ልጅ አልታመመብኝ።»

አያ ታከለ ጎማውን አዩ፤ እትዬ ውዴን አዩ፤ ጓዳ በር ላይ ሁለት እጇን አጣምራ የቆመችውን ስንዱን አዩ።

«ኧረ ልጄ፣» አሉኝ፣ «ዛሬ ከሁላችንም የባሰብህ አንተ ነህ።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ቄስ ላቀው እንኳ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ይነቀነቅ ነበር። የእሳቸው ድርሻ፣ ያ ድብልብሉ፣ ቧንቧው ውስጥ እንደታሰረ ቀርቷል፤ ስንዱ በሙቀጫ ዘነዘና ልታስወጣው ስትደበድብ ይሰማል። ቁራሼን ተቀብዬ በልቼ ጨረስኩት። ጊዜ ወሰደብኝ። መሐል ላይ ጠላ ጠጣሁበት።

ተነሥተው ሲወጡ በር ላይ አያ ታከለ ቆም አሉ። ኪሳቸው ገብተው የቀንዱን እጀታ አወጡና እጄ ላይ አኖሩት።

«ለወሩ እኔ ቤት ነው፤» አሉ። «ቆራሹ ቀደም ብሎ ይምጣ፤ ወግ አያምልጠው። ቢላህን ይዘህ ና።»

ደጁን ወጥተው ጥቂት ከሄዱ በኋላ ዞሩ።

«አንዱን ብቻ።»